መጨረሻዋን ያልሰማኋት ጩኸት

ይህ ነገር የደረሰብኝ የዘጠና ሰባቱ ምርጫ ግርግር ካለፈ በኋላ፣ ሰው ገና ልቡ ባልተረጋጋበት ጊዜ፣ መርካቶ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ነው። ዓመታት አልፈዋል፤ ንዴቱ ግን እስካሁን አልበረደልኝም። የምናደድበት ሰው ባገኝ እኮ ደህና ነበር። ብፈልግ ብፈልግ የማገኘው የራሴን ሁለት እግሮች ብቻ ነው። እነሱን ብቀጣቸው ደግሞ ማን ተሸክሞ ቤቴ ያስገባኛል?

ልብስ ሰፊ ነኝ። ከሰባተኛ ሰፈር ብዙም በማይርቅ መደዳ ውስጥ፣ አንድ የስፌት መኪናና እኔን በመከራ የምትችል ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ከእኔና ከመኪናዋ የትኛችን በዕድሜ እንደምንበልጥ እንጃ፤ የሚንቋቋው ግን የሁለታችንም ነው።

በወጣትነቴ ተካ ሮክ የሚባል ዘፋኝ ነበር። ሌሎቹ ዘፋኞች ክራቫታቸውን አስረው ማይክራፎን ፊት ቀጥ ብለው ሲቆሙ፣ እሱ የኤሌክትሪክ ጊታር አንግቶ፣ ጎፈሬውን እየነሰነሰ፣ መድረኩን ከዳር ዳር ይዘለዋል ይባል ነበር። "ሮክ" ያለው የአራዳ ልጅ ነው። እናቱ ያወጡለት ስም ተካ ብቻ ነው።

ከዘፈኖቹ መካከል አንዲት የመለያየት ዘፈን አለችው። ግጥሟ እንኳን ይህን ያህል አይደለም። መጨረሻዋ አካባቢ ግን ከበሮውም ትራምፔቱም ጊታሩም በአንዴ ጸጥ ይሉና ተካ ብቻውን ይጮሃል። ለማሳመር የሚጮህ እንዳይመስላችሁ። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ጩኸት ነው። ትጀምራለች፣ ትወጣለች፣ አሁንስ አለቀች ስትሉ ሌላ ፎቅ ትጨምራለች።

ሸክላው ላይ ታዲያ መጨረሻዋ የለም። ወደ ላይ እየወጣች እያለች ድምፁን ቀስ በቀስ ቀንሰው አጥፍተዋታል። ቦታ አልበቃቸው ይሆናል። በአካል ያዩት ጓደኞቼ ስለ መጨረሻዋ ይከራከሩ ነበር። አንዱ በሳቅ ነው የሚጨርሳት ይላል። ሌላው የለም፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ድምፁ ተሰባብሮ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ጫፍ ላይ እንዳለች ቁርጥ አድርጎ፣ ሰውን ገደል አፋፍ ላይ ትቶት ነው የሚወርደው ይላል።

እኔ የምለው አልነበረኝም፤ አላየሁትማ። ተካ ሮክ መድረክ የሚወጣው በበዓል ዋዜማ ነበር። የበዓል ዋዜማ ደግሞ ለልብስ ሰፊ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። የከተማው ጎረምሳ ሁሉ "ሱሪዬ ደረሰ ወይ?" እያለ በር ላይ ይሰለፋል። ተካን ሊያዩ የሄዱት ጎረምሶች ያደረጉትን ቤልቦተም የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሱሪዎቼ ሁሉ አይተውታል። እኔ ብቻ ቀረሁ።

ኋላ ዘመኑ ተለወጠ። ሰዓት እላፊ መጣ። ተካም ክፍለ ሀገር ገባ ተባለ፣ ቀጥሎም ሞተ ተባለ። የዚያች ጩኸት መጨረሻ ግን ጆሮዬ ውስጥ እንደገባ ውኃ ሳይወጣልኝ ቀረ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ተሸክሜ ባረጀሁበት ጊዜ ነው ፍቅሬ የሚባል ነጋዴ ከሱቃችን ፊት ለፊት ካለው ሕንፃ ፎቅ ላይ አዳራሽ የከፈተው። አዳራሽ ያልኩት እሱ ስላለው ነው እንጂ፣ ቀድሞ የጣቃ ጨርቅ መጋዘን ነበር። በዚያን ጊዜ መርካቶ ውስጥ የሚያመሽ ሰው አልነበረም፤ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ሁሉም ቆልፎ ወደ ሰፈሩ ነው። ስለዚህ ፍቅሬ ሙዚቃውን ከሰዓት በኋላ አደረገው። አንድ ቀን በሩ ላይ "ተካ ሮክ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በአካል" የሚል ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። "በአካል" የምትለዋ ቃል ትልልቅ ተደርጋ ነው የተጻፈችው። ሞቷል የሚል ወሬ ለሰማነው ሰዎች ታስቦ መሆን አለበት።

ሮጬ ለከድር ነገርኩት። ከድር የሱቅ ጎረቤቴ ነው፤ ቁልፍና ዚፕ ይሸጣል። በዕድሜ ልጄ ይሆናል፤ በነገር ግን አባቴ ነው።

"ጋሼ፣ ይኼ ሰውዬ ሞቷል ብለውኝ አልነበር?"

"ብዬህ ነበር።"

"ታዲያ ተነሣ?"

"ለእኔ ብሎ ነው፣ ምን አገባህ?"

"እሱስ ይነሣ። እርስዎ ደረጃውን ወጥተው ሲጨርሱ እንዳትተካኩ ነው የፈራሁት።"

ቅዳሜ ጠዋት ሣጥኔን በርብሬ የዚያን ዘመን ቤልቦተም ሱሪዬን አወጣሁ። ከጉልበቱ በታች እንደ ድንኳን ሰፊ ነው። ከወገቡ ግን የሌላ ሰው ሱሪ ነበር፤ ማለትም የዚያን ጊዜው የእኔ። ከኋላው ተርትሬ ሦስት ማዕዘን ጨርቅ ጨመርኩበት። ቀለሙ ቁርጥ አንድ አይደለም፤ ኮቱ ይሸፍነዋል ብዬ ተውኩት። ደንበኛ እንዲህ አድርጌ ብሰፋለት መቀሱን ይቀማኝ ነበር።

ባለቤቴ ዘነበች ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

"አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ሱሪ ነው መርካቶ የምትሄደው? ሰው ምን ይለኛል?"

"ምን ይልሻል?"

"ባሏ አመለጣት ይለኛላ!"

ሰዓቱ ሲደርስ ሱቄን አልዘጋሁም። የመርካቶ ሰው ለሶላት ወይም ለምሳ ብድግ ሲል ሱቁን አይቆልፍም፤ በሩ ላይ አንድ ነገር ያጋድማል። ዱላም ይሁን መጥረጊያ ወይም ገመድ፣ ያቺን ተሻግሮ የሚገባ የለም። ጎረቤት ያያታል። እኔም የእንጨት ሜትሬን በሁለት በርጩማ ላይ አጋድሜ፣ "ከድር፣ ዓይንህን ጣል" ብዬ ሄድኩ። ውስጥ ለሠርግ የተቆረጠ የሰው ሱፍ ተሰቅሏል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ለኋላ እግሬን ለመከላከል ያስፈልገኛል።

ደረጃውን እያረፍኩ ወጣሁት። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የገበያው ሰው ነው። ገና ስገባ "ኖር!" ብለው ተነሡ፤ መቀመጫ ሊለቁልኝ ተሻሙ። እኔ የፈለግሁት ፊት ለፊት፣ መድረኩ ሥር ነበር። ፍቅሬ ግን ክንዴን ይዞ፣ "አይ ጋሼ፣ እዚያ ጩኸቱ ይረብሽዎታል" አለና በሩ አጠገብ፣ ንፋስ የሚገባበት ቦታ በክብር አስቀመጠኝ። ሰውዬው ላይ መጮህ አማረኝ። እኔ የመጣሁት ለጩኸቱ ነው እኮ! ግን አክብሮኝ ሰው ሁሉ እያየ ምን ልበል? እንግዲህ ሽበት እንዲህ ነው። ያከብሩሃል፤ አክብረው አክብረው ከምትፈልገው ነገር ያርቁሃል።

ተካ ሮክ ወጣ። ጎፈሬው የለም፤ ራሱ እንደ እንቁላል ነው። ጊታሩን አንግቷል፤ አይዘልም። ከኋላው ባንድ የለም፣ አንድ ጎልማሳ ኪቦርድ ይዞ ቆሟል። ድሮ ብዙ ሰው የሚነፋውንና የሚደበድበውን ያ ሰው በጣቱ ይጫነዋል። ዱባይ ተራ የጫማ ሱቅ እንዳለው አጠገቤ ያለው ሰው ነገረኝ።

መዝፈን ጀመረ። ድምፁ ሻክሯል፤ ግን አለ። የሚያናድደው ሰዉ ነው። የፍቅር ዘፈን እየተዘፈነ፣ ከወዲህ አንዱ ሞባይሉን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ "ቀዩ አልቋል፤ ሰማያዊ ልላክልህ?" ይላል። ከወዲያ ሌላው፣ "መኪናው ሞጆ ደርሷል?" ይላል። እየዞርኩ "እሽ!" ስል እንደ ላይብረሪ ዘበኛ ሆንኩ። ፍቅሬ ደግሞ ደንበኛ ይጠራልኛል ብሎ አንዱን ትልቅ ስፒከር መስኮቱ ላይ አውጥቶ፣ ፊቱን ወደ ገበያው አዙሮታል። ለእኛ የደረሰን የቀረው ነው።

ደግነቱ ያቺ ዘፈን ስትጀመር ሁሉም ጸጥ አለ። እኔም ከወንበሬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ኪቦርዱ ገፋ፣ ገፋ፣ ከዚያ ቁርጥ አለ። ተካ ዓይኑን ጨፈነ። ጮኸ።

ወገኖቼ፣ ሸክላው ዋሽቷል። ሸክላው ላይ ያለችው የጩኸቷ ፎቶግራፍ ናት። ያ ሁሉ የሻከረ ድምፅ የት እንደገባ አላውቅም፤ ንጹሕ ሆና ከደረቱ ወጣች። ሸክላው የሚደክምበት ቦታ ደረሰች። አለፈችው! ከዚህ በኋላ ያለው ለእኔ አዲስ አገር ነው። ፀጉሬ ቆመ፤ ማለቴ የቀረው።

በዚህ መሀል ከታች፣ ከገበያው፣ ግርርርር... ጓ! የሚል ድምፅ ሰማን።

ከላይ ወደ ታች የሚወርድ የሱቅ የብረት በር ነው። ቀጠለና ሌላ፣ ወዲያው ሌላ፣ ከዚያ መደዳው በሙሉ፦ ግርርር ጓ! ግርርር ጓ! በዚያ ዘመን መርካቶ ውስጥ ይህን ድምፅ የሰማ ሰው አያስብም፤ እግሩ ነው የሚያስብለት። ግርግር ማለት ነው። ተኩስ ሊሆን ይችላል፣ አፈሳ ሊሆን ይችላል፣ ዘረፋ ሊሆን ይችላል። አንዱ "ሱቅ!" ብሎ ጮኸ፣ ወንበሩ ሁሉ ተገለባበጠ፣ አዳራሹ ወደ በሩ ጎረፈ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ራሱ መሣሪያውን ጥሎ በአጠገቤ ሲያልፍ አየሁት። ዱባይ ተራ ጫማ አለዋ!

እኔስ? ተገፍቼ ወጣሁ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ግን ከድር ይህን ያነበዋል። ማንም አልገፋኝም። ፍቅሬ በሩ አጠገብ በክብር ስላስቀመጠኝ ከሁሉም ቀድሜ የወጣሁት እኔ ነኝ።

ያን በስንት ማረፊያ የወጣሁትን ደረጃ እንዴት እንደወረድኩት ዛሬም አላውቅም። በጭንቅላቴ የነበረው የሰው ሱፍ፣ በእንጨት ሜትር ብቻ የተጠበቀው የሰው የሠርግ ሱፍ ነው። ደረጃው መሀል ላይ ስደርስ ከበላዬ ጩኸቷ አሁንም እየወጣች ነበር። "ገና አላለቀችም" የሚል ነገር በልቤ ሽው አለ። ቆም ብል እኮ ምን ነበረበት? አልቆምኩም። ይልቁንም እርምጃዬን አስፍቼ ሁለት ደረጃ በአንዴ ልወርድ ስል ከኋላዬ ጨርቅ ሲቀደድ ሰማሁ። ያቺ የጨመርኳት ሦስት ማዕዘን ናት። የራሴ ስፌት!

ውጭ ሰው ይራወጣል። "ምንድነው?" ስል አንዱ "ተኩስ ነው" አለኝ። ሌላው "ሰው ተገድሏል" አለኝ። ሌላዋ ሴትዮ "እኔ እንጃ ጋሼ፣ ሲሮጡ አይቼዎት ነው የሮጥኩት" አለችኝ።

ሱቄ ስደርስ በሯ ተዘግታለች። ከድር ፊቷ ቆሟል፤ የእንጨት ሜትሬን እንደ ጠብመንጃ ይዟል።

"ጋሼ! ምን ያስሮጥዎታል? የእርስዎንም ዘግቼዋለሁ እኮ! ዓይንህን ጣል ብለውኝ የለም?"

ይህን ሰው ላቅፈው ነው ወይስ በሜትሩ ልመታው? ትንፋሼ እስኪመለስ በሩን ተደግፌ ቆምኩ።

"ምን ተፈጥሮ ነው?" አልኩት።

"ከእናንተ ነው የመጣው! ሙዚቃው ሲሄድ ቆይቶ ድንገት ቀጥ አለ። ከዚያ በዚያ ስፒከር ሰው ሲታረድ ሰማን። አንዱ ተሸካሚ ሸክሙን ጥሎ ሮጠ፣ እሱን ያየ በሩን ዘጋ፣ እሱን ያየሁ እኔ..."

"ከድር፣" አልኩት፣ "ያ እኮ ዘፈኑ ነው።"

ሜትሬን ዝቅ አደረገ።

"ዕድሜ ልክዎን የጠበቁት ዘፈን... ይኼ ነው?"

"እሱን ተወውና ንገረኝ፤ መጨረሻውን ሰማኸው? እንዴት አድርጎ አቆመ?"

"የእርስዎን በር እያወረድኩ ምኑን ልስማ? ያቺ በርዎ ስትወርድ ነፍስ ነው የምታወጣው። እሷም ትጮሃለች፣ ሰውዬውም ይጮሃል። የቱ የማን እንደሆነ በምን ልለይ?"

ቀዳዳው ከኮቱ በታች ስለወረደ ኮፍያዬን አውልቄ ከኋላዬ በተቀደደው ላይ ያዝኩና ተመልሼ ደረጃውን ወጣሁ። ጉልበቴ አሁን ነው ሽማግሌ መሆኗ ትዝ ያላት። አዳራሹ ውስጥ የተገለባበጠ ወንበርና አንድ ሰው ብቻ አሉ። ተካ ሮክ ከመድረኩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ራሱን በመሐረብ ይጠርጋል።

"ሰዉ የት ሄደ?" አለኝ።

"ሱቁን ሊዘጋ።"

"ለምን?"

"እርስዎ ጮኸው።"

መጀመሪያ አልገባውም። ነገሩን ስዘረዝርለት መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ እስኪያነባ ሳለ።

"ድሮ ሴቶች ራሳቸውን ይስቱ ነበር። ገበያ ግን ዘግቼ አላውቅም!" አለ። ደስ ብሎታል! ይህን ያህል ደስታ ያየሁበት ሽማግሌ የለም።

"ለመሆኑ ጨረሷት?" አልኩት።

"ምኗን?"

"ጩኸቷን።"

"ጨረስኳት እንጂ! ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምጮኸው። ጨርሼ ስገልጥ ወንበር ብቻ ነው ያለው። ለሥነ ሥርዓቱ ብዬ ለወንበሮቹ እጅ ነሣሁ።"

"እንዴት አለቀች? በሳቅ ነው? በጉልበትዎ ነው? ወይስ ቁርጥ ነው የሚያደርጓት?"

ትኩር ብሎ አየኝ። "እሷማ በወሬ አትሆንም" አለ።

"እንግዲያው አንዴ፣ ለእኔ ብቻ። ቀስ ብለውም ቢሆን።"

እጁን ጉሮሮው ላይ አደረገ። ሐኪሙ ጭራሽ ተው እንዳለው፣ ዛሬ አንድ ጊዜ ለስንብት ብሎ እንደለቀቃት፣ ከእንግዲህ ያቺን ዘፈን እንደማይዘፍናት ነገረኝ። ምናልባት ፊቴ አሳዝኖት ይሆናል፣ ሊያጽናናኝ ፈልጎ አንድ ነገር ጨመረ፦

"ግን ልንገርህ፣ የዛሬዋን ያህል አምራልኝ አታውቅም።"

ተነሥቼ ልሄድ ስል፣ "ጌታው!" ብሎ ጠራኝ። ተመለስኩ። ሐሳቡን የለወጠ መስሎኝ ልቤ ዘለለ።

"ሱሪህ ከኋላ ተቀዷል።"

"አውቃለሁ" አልኩት፤ "ልብስ ሰፊ ነኝ።"

ከዚያ ወዲህ ተካ ሮክ መርካቶ አልመጣም። የፍቅሬ አዳራሽም ብዙ ሳይቆይ የጫማ መጋዘን ሆነ። መደዳችን ነገሩን በቀልድ ያነሣዋል። ሻይ ስንጠጣ አንዱ ድንገት ድምፁን ከፍ ካደረገ ከድር፣ "ቀስ በል ወንድሜ፣ ጋሼ ሱቃቸውን ሊዘጉ ይነሣሉ!" ይላል። እኔም ከሁሉም አስበልጬ እስቃለሁ። ቤቴ ስገባ ግን እናደዳለሁ። በወጣትነቴ ሥራ አስቀረኝ፤ እሺ። ኋላ ዘመን አስቀረኝ፤ እሱም እሺ። በመጨረሻ እጄ ላይ ስትገባ ግን ያስቀረኝ ማን ነው? አስቦ ያልተነሣ እግር! ከደረጃው መሀል ሆኜ የሰማኋትን እንኳ ላስታውሳት ስሞክር፣ ጆሮዬ ላይ የሚመጣው ግርርር ጓ! የሚለው ነው።

የሱቄ በር ዛሬም ስትወርድ ትጮሃለች። ዘነበች በመጣች ቁጥር ጆሮዋን ይዛ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ይቺን በር ግራሶ ምን አለበት ብትቀባት?" ትለኛለች። ከድርም ግራሶውን በቆርቆሮ አምጥቶ አስቀምጦልኛል። አልቀባኋትም። የተካን መጨረሻ የሸፈነችብኝ እሷ ናት፤ የምታውቅ ካለችም እሷ ናት። ስለዚህ ማታ ማታ ስዘጋ ቀስ አድርጌ አወርዳታለሁ። ትጀምራለች፣ ትወጣለች፣ ሌላ ፎቅ ትጨምራለች፤ እኔም ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ።

መሀል ላይ ስትደርስ ግን ነክሳ ቀጥ ትላለች። የቀረውን በእግሬ ረግጬ ነው የምዘጋት።